ከሸክላዎች ሁሉ አንደኛው ሸክላ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ሁለት የሙዚቃ ወዳጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡ፣ የሚያጠራጥረው ክርክሩ የሚጀመርበት ሰዓት እንጂ መጀመሩ አይደለም። አንደኛው «እስከ ዛሬ ከወጡት ሸክላዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው እናቱ የተሰደበችበት ያህል ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ከዚያ ወዲያ አምስት ምረጥ፣ ዐሥር ምረጥ እየተባለ ሌሊቱ ይጋመሳል። መንግሥት ሲወድቅና መንግሥት ሲቆም ያልተጣሉ ጓደኛሞች በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ምክንያት ሰላምታ ሲነፋፈጉ ታይቷል።

መጻሕፍትና መዛግብት የሚጠብቅ ሰው ስለዚህ ክርክር ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እንደሚያገባው ለማስረዳት እሞክራለሁ። አስቀድሜ ግን ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የምጠቅስ መሆኔን ላሳስብ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ሕዝባችን ለዚህ ዕቃ ያወጣለት ስም ትንቢት ይመስላል። ጀበናውም ሸክላ፣ እንስራውም ሸክላ፣ የዘፋኙ ድምፅ የታተመበትም ሸክላ! ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀርመን ተሻግረው ድምፃቸውን ባስቀረጹበት ዘመን የነበረው ሸክላ በእርግጥም ከእጅ ሲወድቅ እንደ ገንቦ ይሰበር ነበር። በኋላ የመጣው ባለ ቪኒሉ ሸክላ እንደዚያ አይሰበርም፤ ይጫጫራል፣ ይጣመማል፣ ይጠፋል እንጂ። ስሙ ግን አልተለወጠም። ሰው ለዕቃ ስም ሲያወጣ ስለ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ስለ ባለቤቱም ያስባል መሰለኝ፤ ከአፈር መጥቶ ወደ አፈር የሚመለሰው ሸክላው ብቻ አይደለምና።

ደረጃ ማውጣት የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2003 ከሸክላዎች ሁሉ ይበልጣሉ ያላቸውን 500 አልበሞች በደረጃ ሲያወጣ፣ አንደኛ ያደረገው የቢትልስን «ሳርጀንት ፔፐር» ነበር። ያው መጽሔት በ2020 አዲስ መራጮች ሰብስቦ እንደገና ሲያስመርጥ የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አንደኛ ወጣ፤ የቀድሞው ንጉሥ ወደ 24ኛ ደረጃ ወረደ። በዐሥራ ሰባቱ ዓመታት ውስጥ በሁለቱ ሸክላዎች ላይ አንዲት ኖታ አልተጨመረችም፤ አንዲትም አልተቀነሰችም። የተለወጡት መራጮቹ ናቸው። ከዚህ የምንማረው ደረጃ ስለ ሸክላው ከሚናገረው ይልቅ ስለ መራጩ የሚናገረው እንደሚበልጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጨዋታ ግን ከቀልድነቱ ጋር ጨለማ ያለበት የእንግሊዞቹ ነው። ቢቢሲ በጥር ወር 1942፣ በጦርነቱ መካከል፣ «ዴዘርት አይላንድ ዲስክስ» የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። የተቀረጸውም ቦምብ በጎዳው የሜዳ ቬል ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። ለእንግዳው የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «መርከብ ሰጥሞብህ ሰው በሌለበት ደሴት ብቻህን ብትቀር ይዘሃቸው የምትኖር ስምንት ሸክላዎች የትኞቹ ናቸው?» ሰጥመው ስለ ቀሩት መንገደኞች የሚጠይቅ የለም። መርከቡ እስኪሰጥም ድረስ ሸክላዎቹ እንዴት ሳይጫሩ እንደ ተረፉም አይነሳም። ከተማዋ በእሳት ተለብልባ ሳለ ሰዎቹ ሌላ አደጋ ፈጥረው በዚያ ይዝናኑ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ አንድ ጥያቄ ተጨመረ፦ «ማዕበል መጥቶ ሸክላዎቹን ቢጠራርግ፣ ሮጠህ የምታድነው የትኛውን ነው?»

ባልደረቦቼ፣ ይህ ጥያቄ ለለንደን ሰው ጨዋታ ነው። ለእኛ ግን ማዕበሉ በእርግጥ መጥቶብናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በ1948 በወጣ ድንጋጌ፣ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ጥሰው በ1969 አምሃ ሬኮርድስን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሸክላቸው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሸክላዎቹ በመጀመሪያ በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ እየታተሙ ይመጡ ነበር። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ትናንሽ፣ ደርዘን ያህል ትላልቅ ሸክላዎች አወጡ። አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቁት አቶ አሊ አብደላ ካይፋም በራሳቸው ምልክት ተከተሉ። በ1974 አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ በ1975 አቶ አምሃ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸክላ መታተሙ ቀርቶ ቦታውን ካሴት ወሰደ። ታላቁ የሸክላ ዘመን የምንለው እንግዲህ ዐሥር ዓመት እንኳ በቅጡ የሞላ አይደለም።

አሁን፣ ማንም ወዳጅ እንደሚያደርገው፣ እኔም አምስት ሸክላዎችን በደረጃ ላቅርብ። ያወጣሁትም በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በተለመደው መንገድ፣ ሆን ብዬ ነው። ምክንያቱን ቆይቼ እናገራለሁ።

አምስተኛ፦ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1967 በጀርመን ያሳተሙት የፒያኖ ሸክላ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር በአሲናራ ደሴት ታስረው የነበሩ መነኩሲት ናቸው። እንግሊዞች በምናባቸው የፈጠሩትን ደሴት እሳቸው በዐይናቸው አይተውታል፤ ያን ጊዜ ግን ስምንት ሸክላ ምረጡ ያላቸው አልነበረም። በ2023፣ በ99 ዓመታቸው፣ በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

አራተኛ፦ የሙላቱ አስታጥቄ «ኢትዮ ጃዝ»፣ አምሃ ሬኮርድስ፣ 1974። የዘውዱ መንግሥት በወደቀበት ዓመት የወጣ ሸክላ ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» የሙላቱን ሙዚቃ ለዓለም አሰማ። መንግሥቱ ግን አልተመለሰም።

ሦስተኛ፦ ጌታቸው መኩሪያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለፊሊፕስ የቀረጹት የሳክስፎን ሸክላ። ሽለላ ጦረኛ ለመግደል ወይም ለመሞት ከመሄዱ በፊት የሚያሰማው ነገር ነው። እሳቸው ያንን ወስደው በሳክስፎን ነፉት። ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ደግሞ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የአምስተርዳም ባንድ ጋር ሆነው በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አሳተሙ። ለጠላት ተብሎ የተፈጠረው ፉከራ የሆላንድ ወጣት መጨፈሪያ ሆነ። ፎካሪውም ተፎካሪውም በሕይወት የተረፉበት ሽለላ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፦ የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው»፣ ካይፋ፣ 1977። ቀይ ሽብር በነበረበት ዓመት የወጣ፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ ነው። ቃል ከሌለው ነገር ላይ ሳንሱር ምን ይሰርዛል? በዚያ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት ወደ ምሽት ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበር። ሙዚቀኛ ሁሉ የሚመኘው አቋርጦ የማይሄድ አድማጭ በሕግ ተገኘ ማለት ነው።

አንደኛ፦ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»፣ ካይፋ፣ 1975። በ1986 በብራስልስ ክራምድ ዲስክስ እንደገና አሳተመው፤ የአውሮፓ ጆሮ ለዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የተከፈተው በተለይ በዚህ ሸክላ ነው። አገሩ በችጋርና በጦርነት ዜና ብቻ ይታወቅ በነበረበት ጊዜ፣ መላ የሚለምን ዘፈን ባሕር ተሻግሮ ሰው አስጨፈረ።

አሁን ከመካከላችሁ ብዙዎች በቁጣ እንደምትመለከቱኝ አያለሁ። «ጥላሁን ገሠሠ የት አለ? ብዙነሽ በቀለስ?» ቁጣችሁ ተገቢ ነው፤ ዝርዝሩን እንዲህ አድርጌ ያቀረብሁትም ይህንኑ ጥያቄ ለማስነሳት ነው። ከጥላሁን ስም በፊት የሌላ ዘፋኝ ስም የማይጠራባት አገር ሸክላዎች ሲመረጡ ጥላሁን የታጡት የእሳቸው ድምፅ ስላነሰ አይደለም። ዘፈኖቻቸው በትናንሽ ሸክላዎች፣ በሬዲዮ ቴፖችና በካሴቶች ላይ ተበታትነው ስለሚገኙ ነው። እንዲህ ያለው ደረጃ የሚመዝነው ድምፅን ሳይሆን ዕቃን፣ ከዕቃም ባሕር ተሻግሮ ዳግመኛ የታተመውን ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክ» በሚል ስም ከሃያ አምስት በላይ ቅጾች በማሳተም ታላቅ ውለታ ውለውልናል፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ነገር ግን አንድ ሰው ከማዕበል ያዳነው የተረፈው ነገር ዝርዝር እንጂ የነበረው ነገር ዝርዝር አይሆንም።

ለዚህ ኃይሉ መርጊያ ጥሩ ምስክር ናቸው። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ እሳቸው እዚያው ዋሽንግተን ቀሩ፤ ብዙ ዓመታትም ታክሲ ነዱ። በ1985 ብቻቸውን የሠሩት ካሴት ከማንም ደረጃ ውስጥ ሳይገባ ቆይቶ፣ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉም ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ «ተገኙ» ተባለ። እሳቸው ግን አልጠፉም ነበር፤ ኪቦርዳቸውን በታክሲው ሻንጣ ውስጥ ይዘው በአውሮፕላን ማረፊያ ደጃፍ ተሳፋሪ ይጠብቁ ነበር። ያ ካሴት ባሕር ዳር ባይገኝ ኖሮ ዛሬም ደረጃ የለውም።

ከዚህም የሚብስ አለ። የግርማ በየነን ጉዳይ ተመልከቱ። በሸክላው ዘመን በድምፃቸው የተቀረጹት ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለሌሎች ያቀናበሯቸው ግን በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው። ሰዎች «አንደኛው የዓለማየሁ ነው፤ የለም፣ የእገሌ ነው» እያሉ ሲፋጁ፣ በሁለቱም ወገን የሚሟገቱት ለግርማ ሥራ ሊሆን ይችላል። ደረጃው የዘፋኙን ስም ይጽፋል፤ አቀናባሪውን፣ ግጥም ደራሲውን፣ ከበሮ መቺውን አይጽፍም።

አንድ ነገር ላክልና ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። በፈረንጅ አገር ብዙ ሰው ለቀብሩ የሚሆን ዘፈን አስቀድሞ ይመርጣል። በእኛ ዘንድ ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ ለቅሶ ቤት ዘፈን አይከፈትም፤ ጎረቤት እንኳ ሬዲዮውን ይቀንሳል። ስለዚህ ሸክላ ወዳጅ ሲሞት ከቤቱ መጀመሪያ ዝም የሚለው ዕድሜ ልኩን የተሟገተለት ሸክላ ነው። የእድሩ ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ወራሾች ቤቱን ያጸዳሉ፤ «ይህ አሮጌ ሳህን ምን ያደርጋል?» ይባላል። አንደኛ የነበረው ሸክላ በኪሎ ይሄዳል። ከሸክላው ጋር የሚሄደው ግን የሰውየው እውቀት ነው፦ ከየት እንደ ገዛው፣ ማን እንደ ተጫወተበት፣ በጀርባው ገጽ ምን እንደ ነበረ። አቶ አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በአንድ ዓመት፣ በ2021፣ ተከታትለው አልፈዋል። የሚጠየቀው ሰው ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል።

ወደ ቢቢሲው ፕሮግራም ልመለስ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝግጅቶች አብዛኞቹ በድምፅ አልተቀመጡም፤ የመጀመሪያው እንግዳ የቪክ ኦሊቨር ድምፅም የለም። ነገር ግን የመረጧቸው ስምንት ሸክላዎች በወረቀት ተመዝግበው ስለ ቆዩ ዛሬ እናውቃቸዋለን። ድምፁ ጠፋ፤ ዝርዝሩ ተረፈ። ይህን ያደረገው መራጩ አይደለም፤ መዝጋቢው ነው። የእናንተና የእኔ ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ስለሆነም የማሳስበው ይህንን ነው። ማንም ሰው «አንደኛው ሸክላ ይህ ነው» ብሎ ሲሟገት ስትሰሙ አትከራከሩት፤ እርሳስ አንሡ። የሸክላውን ምልክትና ቁጥር፣ የሁለቱን ገጾች ዘፈኖች፣ የባንዱን፣ የአቀናባሪውንና የግጥም ደራሲውን ስም፣ የት እንደ ተገዛና በማን እጅ እንዳለ ጠይቃችሁ ጻፉ። ሸክላው ቢቻል ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይግባ፤ ባይቻል የሽፋኑ ፎቶግራፍና የድምፁ ቅጂ ይግባ። ለዚህ ሥራ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሙዚቃ ወዳጅ ስለሚወደው ሸክላ ሲጠየቅ ከመናገር የሚያቆመው እንቅልፍ ብቻ ነውና። የእሱን ፍቅር የእኛ ካርድ ይጠብቀው። አንደኛና ሁለተኛ ማለቱን ለእሱ እንተውለት፤ ምንም ሸክላ ከቁጥር እንዳይጎድል ማድረግ ግን የእኛ ግዴታ ነው። ማዕበሉ ደረጃ አይጠይቅም፤ አንደኛውንም መቶኛውንም እኩል ይጠርጋል።