ለመውደድም ለመጥላትም የሚያስቸግሩ ባለታሪኮች

በልብ ወለድ ዓለም ክፉ ሰው መፍጠር ቀላል ነው። ድሃ የሚበድል፣ በሰው ስቃይ የሚስቅ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ የእጁን የሚያገኝ ሰው ጀማሪ ደራሲንም አያቅተውም። ደግ ሰው መፍጠርም ያን ያህል አያደክምም። የሚያስቸግረው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ እጁ በደም የተነከረ፣ ቃሉ ግን የማይታጠፍ፤ ለቤተሰቡ የሚሞት፣ ቤተሰቡን ግን የሚያጠፋ። በየቪዲዮ ቤቱ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ አክተሩ እንደማይሞት ያውቃል። እነዚህ ባለታሪኮች ለዚያ ሕግ አይመቹም፤ አክተሩ ማን እንደሆነ ራሱ አይለይምና።

ዓይነታቸው ብዙ ቢሆንም ሲበረበሩ ሦስት ነገር ይገኝባቸዋል። አንደኛ፣ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ያገር ሕግ ቢፈቅድም ቢከለክልም በእሱ ይሄዳሉ። ሁለተኛ፣ ደራሲው ያንን ሕግ ከሚወዱት ሰው ጋር ያላትመዋል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። በአጠገባቸው ሆኖ የሚያይ፣ የሚያውቃቸውና የማይፈራቸው አንድ ምስክር አለ። ደራሲው ሳይሰብክ የሚፈርደው በዚህ ሰው ዓይን ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 በአቴና የተውኔት ውድድር ላይ ዩሪፒደስ «ሜዲያ»ን አቀረበ። ሜዲያ ለጄሰን ስትል አባቷን ከድታ፣ ወንድሟን ገድላ፣ በባዕድ አገር የተቀመጠች ሴት ናት። ጄሰን እሷን ትቶ የቆሮንቶስን ንጉሥ ልጅ ሊያገባ ሲነሳ ሙሽራይቱንና አባቷን በመርዝ ትጨርሳለች። ከዚያም ባሏን ምን እንደሚያንገበግበው ስለምታውቅ የገዛ ልጆቿን ትገድላለች። ዩሪፒደስ እብድ አድርጎ ቢያቀርባት ለተመልካቹ በቀለለው ነበር፤ አላደረገውም። ሜዲያ የልጆቿን እጅ ይዛ ሐሳቧን ደጋግማ ትለውጣለች። ልትሠራው ያሰበችው ክፉ መሆኑን ታውቃለች፤ ቁጣዋ ግን ከማስተዋሏ ይበረታባታል። የቆሮንቶስ ሴቶች ቆመው ያያሉ፤ መጀመሪያ አዝነውላት ነበር፣ በኋላ ይለምኗታል፣ አትሰማም። በመጨረሻም አትቀጣም፤ አያቷ የፀሐይ አምላክ በላከላት ሠረገላ ታመልጣለች። በዚያ ዓመት ከተወዳደሩት ሦስት ጸሐፊ ተውኔቶች ዩሪፒደስ ሦስተኛ ወጣ።

ሼክስፒርም በማክቤዝ ያደረገው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ማክቤዝ የንጉሡን ደም ከማፍሰሱ በፊት መግደል የሌለበትን ምክንያት አንድ በአንድ ቆጥሮ ይጨርሳል። የአማርኛ ተመልካች ይህን ሰው ያገኘው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ነው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያለው ደንዳና ሰው ኮትና ባርኔጣ ለብሶ ወደ ከተማ ገባ። አሜሪካዊው ዳሺየል ሃሜት ፒንከርተን በተባለው የግል ምርመራ ድርጅት ሠርቶ ያለፈ ሰው ስለነበር፣ መርማሪው በተረት እንደሚነገረው ንጹሕ እንዳልሆነ ያውቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 በመጽሐፍ የወጣው «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» ሳም ስፔድን ይዞ መጣ። ስፔድ ከሥራ ባልደረባው ሚስት ጋር ግንኙነት አለው። ባልደረባው በተገደለ ማግስት የሟቹ ስም ከቢሮው በር ላይ እንዲነሳ ያዛል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ መጨረሻ ላይ፣ ምናልባትም የወደዳትን ሴት፣ ገዳይ መሆኗን ሲያረጋግጥ ለፖሊስ አሳልፎ የሚሰጣት። ምክንያቱ ሟቹን መውደዱ አይደለም፤ ጨርሶ አይወደውም ነበር። ባልደረባው የተገደለበት ሰው ዝም አይልም፣ በቃ።

የሃሜት ብልሃት በልብ ወለዱ ውስጥ አንድም ጊዜ ወደ ስፔድ ሐሳብ አለመግባቱ ነው። የባልደረባው ሞት በሌሊት ስልክ ሲነገረው ሌላ ደራሲ ድንጋጤውን ወይም ጸጸቱን ይተነትን ነበር። ሃሜት የሚያሳየው ጣቶቹን ብቻ ነው፤ ትንባሆውን በወረቀቱ ላይ እኩል ሲያዳርሱ፣ ሲጠቀልሉ፣ በምላስ የራሰውን ጫፍ ሲያጣብቁ። አንባቢው በዚያ ሲጋራ ውስጥ ሐዘን ይፈልጋል፤ ማግኘት አለማግኘቱ የራሱ ጉዳይ ነው። ምስክሯ ደግሞ የስፔድ የቢሮ ጸሐፊ ኤፊ ናት። ስፔድን የምታምነው ኤፊ የመጨረሻውን ስትሰማ እንዳይነካት ትሸሸዋለች። በ1941 ጆን ሂውስተን ያዘጋጀው፣ ሃምፍሪ ቦጋርት የተወነበት ፊልም ይህችን ትንሽ ትዕይንት ትቷታል፤ ፊልሙ ድንቅ ቢሆንም ስፔድ በእሷ መቅረት ትንሽ ቀሎታል።

የካውቦይ ፊልሞች ጀግናውን በነጭ ባርኔጣ ሲለዩ ኖረዋል። ጆን ፎርድ በ1956 «ዘ ሰርቸርስ» በተባለው ፊልሙ ይህን ልማድ ራሱ አፈረሰው። ኢታን ኤድዋርድስ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከተሸነፈው ከደቡቡ ወገን የተዋጋ ሰው ነው። ኮማንቼ የሚባሉት የአገሩ ነባር ነዋሪዎች የወንድሙን ቤተሰብ ፈጅተው ትንሿን ልጅ ሲወስዱ ዓመታት ሙሉ ፍለጋ ይወጣል። በመንገድ ላይ የተቀበረ ኮማንቼ ሲያገኙ ኢታን የሬሳውን ሁለት ዓይኖች በጥይት ይመታል፤ በእነሱ እምነት ዓይን የሌለው ነፍስ ዕረፍት አጥቶ እንደሚንከራተት ያውቃልና። የሚጠላውን ሕዝብ እምነት ይህን ያህል ማወቁ ነው የሚያስፈራው። ውሎ አድሮም ልጅቱን የሚፈልጋት ሊያድናት ሳይሆን ሊገድላት እንደሆነ ይገለጣል፤ ከጠላቶቹ ጋር ኖራለችና። አብሮት የሚጓዘው ወጣቱ ማርቲን ዋና ሥራው እሷን ከኢታን መጠበቅ ይሆናል። በመጨረሻ ኢታን ይደርስባትና ወደ ላይ ያነሳታል፤ ይገድላታል ሲባል አቅፎ ወደ ቤት ይመልሳታል። ለምን ሐሳቡን እንደለወጠ ፊልሙ አይናገርም። ኢታንን የተጫወተው ጆን ዌይን የብዙ ፊልሞች ጀግና ስለነበር ተመልካቹ አምኖት ገብቶ ነበር፤ ፎርድ የተጠቀመበትም በዚያ እምነት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ የሚገባው ግን ኦኮንኮ ነው። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ባሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» ኦኮንኮ የኡሞፊያ ጀግና ነው። በ18 ዓመቱ ለሰባት ዓመት ማንም ያልጣለውን ሰው በግብግብ ዘርሮ ስሙን አስጠራ። አባቱ ኡኖካ ዋሽንት የሚወድ፣ ዕዳ እንጂ ጎተራ የሌለው ሰው ነበር። የኦኮንኮ ሕግ ከዚህ ይነሳል፤ አባቱ የወደደውን ሁሉ ይጠላል። ሙዚቃን ጠላ፣ ለስላሳ አነጋገርን ጠላ፣ ማዘንን ጠላ።

በቤቱ ኢኬሜፉና የሚባል ልጅ አለ። የኡሞፊያ ሴት በሌላ መንደር በመገደሏ ለደም ካሳ የተሰጠ ነው። ሦስት ዓመት ሲኖር ቤቱን ለመደ፤ የኦኮንኮ ልጅ ንዎዬም እንደ ታላቅ ወንድም አየው። ኦኮንኮ በልቡ ይወደዋል፤ በአፉ አይናገርም። ወደ ስብሰባ ሲሄድ በርጩማውን አስይዞ እንደ ልጁ ያስከትለዋል፣ ከዚያ ያለፈ የፍቅር ምልክት አይሰጥም። አንድ ቀን ሽማግሌው ኤዜኡዱ መጥቶ ልጁ እንዲገደል መወሰኑን ይነግረዋል፤ ልጁ አባት ብሎ ስለሚጠራው እጁን እንዳያስገባም ይመክረዋል። ኦኮንኮ ግን ከሰዎቹ ጋር ይሄዳል። ልጁ በራሱ ላይ እንስራ ተሸክሞ ወደ ወላጆቹ የሚመለስ መስሎት ከፊት ይራመዳል። ከኋላው ያለው ሰው ይመታዋል፣ እንስራው ይሰበራል፤ ልጁ አባቱን እየተጣራ ወደ ኦኮንኮ ይሮጣል። ኦኮንኮ ገጀራውን መዝዞ ይጨርሰዋል። አቼቤ ምክንያቱን ለመንገር አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ሰውየው ደካማ መባልን ፈርቶ ነው። ያገሩ ወግ ከዚህ ግድያ እጁን እንዲያወጣ ፈቅዶለት ነበር። እጁን ያስገባው ፍርሃቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ኦኮንኮ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ይህች ዝርዝር ባትኖር ኖሮ ኦኮንኮ ተራ ጨካኝ ሆኖ ይቀር ነበር። ንዎዬ አባቱ ሲመለስ የሆነውን ሳይነገረው ያውቃል፤ ውስጡ አንድ ነገር ይበጠሳል፤ ሚስዮናውያኑ ሲመጡ ወደ እነሱ የሚሄደውም አንድም በዚህ ነው። ኦኮንኮ በቅኝ ገዥዎች መልእክተኛ ላይ ገጀራ መዝዞ ማንም ሳይከተለው ሲቀር ራሱን ይሰቅላል። ራሱን ያጠፋን ሰው ሬሳ ወገኖቹ እንዳይነኩ ወጉ ስለሚከለክል ባዕዳን እንዲያወርዱት ይለመናሉ። ወዳጁ ኦቢዬሪካ ለአውራጃ ገዥው በቁጣ ይናገራል፤ ገዥው በበኩሉ የዚህን ሰው ታሪክ ሊጽፍ ባሰበው መጽሐፍ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ለመጨረስ ያቅዳል። ሙሉ ልብ ወለድ ሲያነብ ለቆየ ሰው ይህ ጥፊ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ ከአቼቤ ጋር የገጠመው በሁለት ዘመን አቆጣጠር ነው እንጂ በመካከላቸው ሰባት ስምንት ዓመት አለ። የጎጃሙ ፊታውራሪ መሸሻ በአካል ከኦኮንኮ ጋር አይወዳደሩም፤ ደንዳናነታቸው በጡንቻቸው ሳይሆን በዘር ሐረጋቸው ላይ ነው። ሰብለ ወንጌልን የሚመጥን ዘር የለም እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ ልጃቸው የጋብቻ ዕድሜዋ ያልፋል። ገበሬው ከወጉ በላይ አንገብርም ሲል ይዘምቱበታል፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎችም ይማርኳቸዋል። ሐዲስ ለእኒህ ሰው ቀንድ አላበቀሉባቸውም። ፊታውራሪ እየበደሉ መሆናቸውን አያውቁም፤ እግዜር የሠራውን ሥርዓት የሚጠብቁ ይመስላቸዋል። ልጃቸውንም ይወዳሉ፤ የሚወዷትን ልጅ ሕይወት የሚያበላሸው ያው የሚጠብቁት ክብር ነው። ስለዚህ አንባቢ አንዳንዴ ይስቅባቸዋል፣ አንዳንዴ ይናደድባቸዋል፣ ሲማረኩ ደግሞ ሳያስበው ያዝንላቸዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልብ ወለዱን ሲተርክ ብዙ ያላነበበ ሰውም ፊታውራሪን በድምፅ አውቋቸዋል።

በዚህ መጽሐፍ ምስክሩ ጉዱ ካሳ ነው። ዘመዳቸው ስለሆነ ከቤቱ አይባረርም፤ እንደ እብድ ስለሚቆጠር የፈለገውን ይናገራል። ሐዲስ እውነቱን ሁሉ በአንድ ሰው አፍ ማድረጋቸው አንዳንድ ቦታ ንግግሩን ያስረዝምባቸዋል፤ ቢሆንም ጉዱ ካሳ ባይኖር ኖሮ ፊታውራሪ የሚለኩበት ሚዛን በጠፋ ነበር።

ከዚህ ወዲህ ደንዳናው ባለታሪክ ቤቱን የሠራው በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ነው፤ አምስትና ስድስት ዓመት የሚቆይ ታሪክ ለእንዲህ ያለ ሰው ይመቻል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2002 እስከ 2008 በቀረበው «ዘ ዋየር» ውስጥ ማይክል ኬኔት ዊልያምስ የተጫወተው ኦማር ሊትል በባልቲሞር የዕፅ ነጋዴዎችን እየዘረፈ የሚኖር ሰው ነው። በዚያ ንግድ ውስጥ በሌለ ሰው ላይ መሣሪያ አያነሳም፣ አይሳደብም፣ አያቱን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ተመልካች ወደደው። በአንድ ክፍል ግን በዚያው ሰፈር ያደገ ባንክ የሚባል መርማሪ ፊት ለፊት ይወቅሰዋል፤ የሰፈሩ ልጆች ኦማርን መስለው ለመጫወት ሲሻሙ አይቷልና። ኋላ ኦማር ሱቅ ገብቶ ሲጋራ ሊገዛ ሲል የሚገድለው አንድ ትንሽ ልጅ ነው።

ከ2008 እስከ 2013 የቀረበው «ብሬኪንግ ባድ» ሌላ ነገር ገለጠ። ዋልተር ኋይት ካንሰር የያዘው የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ለቤተሰቤ ብሎ አደንዛዥ ዕፅ ማብሰል ይጀምራል። የወዳጁ ፍቅረኛ በተኛችበት ስትታነቅ ቆሞ እያየ ዝም ይላል። እዚህ ምስክሯ ሚስቱ ስካይለር ናት፤ የምትጠይቀው፣ የምትከለክለው እሷ ናት። ተመልካቹ ታዲያ ገዳዩን ትቶ ሚስቲቱን ጠላ። ጥላቻው ከባለታሪኳ አልፎ ተዋናይቷ አና ገን ላይ ስለደረሰ በነሐሴ 2013 በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ስለዚሁ ጻፈች። ደራሲዎቹ በታሪኩ ሂደት ዋልተርን እያከፉት ቢሄዱም ብዙ ሰው እስከ መጨረሻው ሲደግፈው ነበር። በሚቀጥለው ወር በተላለፈው የመዝጊያ ክፍል ዋልተር ተደብቆ ወደ ስካይለር ይመጣል። ለቤተሰብ የሚለውን ሰበብ ሊደግመው ነው ብላ ልታስቆመው ስትል፣ ያደረገውን ሁሉ ያደረገው ለራሱ እንደነበረ ይነግራታል።