«ይህቺንም ጨምርልኝ»
(ስለ አይሮፕላን ጓዝ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዕረፍት ጊዜ ሲቃረብ አንዳንዶቻችን ከድሬዳዋ በአይሮፕላን ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ ጥቂቶቻችንም ለትምህርት ባሕር እንሻገራለን። ስለ ጓዝ ጥቂት ቃል ለመናገር የተነሣነውም ስለዚህ ነው።

አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፥ በመጀመሪያዎቹ አይሮፕላኖች ውስጥ መንገደኛው ዳርና ዳር ይቀመጥ፥ ጭነቱም በመካከል ይታሰር ነበር። ያን ጊዜ ሸክሙን ሁሉም በዓይኑ ያየው ነበር። ዛሬ ሻንጣችን ተመዝኖ ከፊታችን ስለሚሰወር ክብደቱም አብሮ የጠፋ ይመስለናል። ግን አልጠፋም።

አይሮፕላን የሚነሣው ክንፉን አየር ደግፎት ነው። አየር ደግሞ ሲሞቅ ይሳሳል፤ በከፍታ ቦታም እንዲሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ የቀትር ሙቀቷንም ሁላችን እናውቀዋለን። ስለዚህ በቀትር የሚነሣ አይሮፕላን ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ሊያነሣ የሚችለውም ክብደት ይቀንሳል። ሠራተኛው ለጥቂት ኪሎ የሚከራከረን ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። በጥር ወር 2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፥ በሻርሎት ከተማ፥ አንድ ትንሽ አይሮፕላን ወድቆ የተሳፈሩት 21 ሰዎች አለቁ። ምርመራው ሁለት ነገር አገኘ፤ የጅራቱ መቆጣጠሪያ ገመድ በትክክል አልተስተካከለም፤ ሰውና ጓዝም በአማካይ ግምት ተቆጥሮ ክብደቱ ከልክ አልፎ ወደ ኋላ አጋድሎ ነበር።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በእግር መንገድ እውነት ነው። በአይሮፕላን ግን ሎሚውን ለሃምሳ ሰው ብናከፋፍለውም፥ ሃምሳውን የሚሸከመው ያው አንዱ አይሮፕላን ነው። ትርፉን በካፖርት ኪስ መደበቅ ሚዛኑን እንጂ ክንፉን አያታልልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከቤት ሳንወጣ እንመዝን። ትርፍ ካለን የተጨማሪውን ጓዝ ዋጋ አስቀድመን እንክፈል፤ ብዙውን ጊዜ በጉዞው ዕለት ከመክፈል ይረክሳል። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ ሻንጣ አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት ስለሌለው ለሁለት ይከፈል። ከባዱ ዕቃ ከታች በጎማው በኩል ይሁን፤ ቅቤና ማር በጥብቅ ተከድኖ በልብስ መካከል ይቀመጥ። ከታይዋን ገበያ የገዛነው ፓወር ባንክ ግን በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ከሰው ርቆ ቢቀጣጠል በቶሎ የሚደርስለት የለምና።

ከሁሉ የሚከብደው ሚዛን የማይለካው ነው። «እባክህ፥ ይህቺንም ጨምርልኝ» ብሎ የተሰፋ ጥቅል የሚያቀብለን የሰፈር ሰው አይጠፋም። እንቢ ማለት ነውር መስሎን እንቀበላለን። ሻንጣው በስማችን ከተመዘገበ ግን የሚጠየቀው ላኪው ሳይሆን እኛ ነን። በከተማችን በግላጭ የሚሸጠው ጫት እንኳ በብሪታንያ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። እዚህ የገበያ ዕቃ የሆነው እዚያ ወንጀል ይሆናል።

አደራ የከበረ ነገር ነው። ስለ ክብሩም በፊታችን ያልተፈታ ጥቅል አንቀበል። አደራ በላ የሚባለው የተቀበለውን የካደ ብቻ አይደለም፤ ውስጡን ደብቆ የሰጠም ጭምር ነው። እናታችንም ብትሆን «ፈተን እንየው» ብንላት አትቀየምም፤ ልጇ በሰላም እንዲገባ ትሻለችና።