አፍ መጉመጥመጫ መድኃኒትና የሸለቆው ልጆች ጥርስ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በአዳማ የተነገረ)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ ከትልልቆቹ የትምህርት ርእሶች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በመኝታ ክፍሎቻችን መስኮት ላይ የተደረደሩትን አረንጓዴና ሰማያዊ ጠርሙሶች ያየ ሰው ጉዳዩ የብዙዎቻችን መሆኑን ይረዳዋል። ተሐዋስያንን ይገድላል ተብሎ የሚሸጠውን የአፍ መጉመጥመጫ አንዳንዶቻችን ለአፍ ሽታ፥ አንዳንዶቻችን ለድድ መድማት እንገዛዋለን፤ ጥርሳቸውን ነጭ ለማድረግ ሲሉ የሚገዙትም ጥቂቶች አይደሉም። ከእነዚህ ከኋለኞቹ እንጀምር፤ የአዳማ ነገር እዚህ ላይ ነውና።

በአዳማ፥ በወንጂ፥ በመቂና በባቱ ተወልደን ያደግን ልጆች ስንስቅ እጃችንን ወደ አፋችን የመውሰድ ልማድ አለን። ከደጋ የመጡት ጓደኞቻችን ዓይነ አፋርነት ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን የጥርሳችን ቡናማ ቀለም ነው፤ ቀለሙም ከውሃ የመጣ እንጂ ከንጽሕና ጉድለት አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ምድር የእሳተ ገሞራ አለት ስለሆነ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ይይዛል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሲመክር፥ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ባመረተው በወንጂ እርሻ መንደሮች በአንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 ሚሊግራም በላይ ተገኝቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ በሸለቆው ተወልደው ካደጉት የተመረመሩ ልጆች መካከል ከመቶው ከ80 የሚበልጡት ይህ የጥርስ ምልክት ነበረባቸው።

ፍሎራይዱ ጥርሱን የሚያበላሸው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ፥ ይኸውም በሕፃንነት ዘመን ነው። እንግዲህ ከውስጥ የተሠራን ቀለም ከውጭ በመጉመጥመጥ ማንሣት አይቻልም። በሎሚ፥ በከሰል ወይም በአሸዋ የሚፈትጉትም የቀረውን የጥርስ ልባስ ይሸረሽራሉ እንጂ ሌላ ጥቅም አያገኙም። ይባስ ብሎ፥ ከመጉመጥመጫዎቹ ሁሉ ኀይለኛ የሆነው ክሎርሄክሲዲን ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ጥርስን ቡናማ ያደርጋል! ይህኛውን ቀለም የጥርስ ሐኪም ሊያጸዳው ይችላል፤ የውሃውን ግን ሐኪሙም ቢሆን በማጠብ ብቻ አያስለቅቀውም።

ታዲያ መድኃኒቱ ለምን ይጠቅማል? በ1965 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ ሃራልድ ሎ የተባሉ ሊቅና ባልደረቦቻቸው 12 ሰዎችን፥ ከእነርሱም 9ኙ እንደኛው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ፥ ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጓቸው። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ቆጣ። ጽዳቱን እንደገና ሲጀምሩ ሕመሙ በአንድ ሳምንት ገደማ ለቀቃቸው። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ እኚሁ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ 10 ሚሊሊትር ክሎርሄክሲዲን፥ ጥንካሬው ከመቶ 0.2 የሆነውን፥ የተጉመጠመጡ ሰዎች ጥርስ ላይ ተሐዋስያኑ የሚሠሩት ዝልግልግ ሽፋን እንደማይበቅል አሳዩ። መድኃኒቱ ሥራ አለው ማለት ነው። ነገር ግን ቀድሞ የተጋገረውንና የጠጠረውን ቆሻሻ አይፍቅም፤ ለዚያ ብሩሽ ወይም መፋቂያ ያስፈልጋል። የወይራና የክትክታ መፋቂያ ይዞ የሚዞር ተማሪ በጠርሙስ ባለቤቱ ፊት ሊያፍር አይገባውም፤ በየቀኑ በደንብ ከፋቀበት በጠርሙስ ብቻ ከሚታመነው ይልቅ ጥርሱ የተጠበቀ ነው።

አወሳሰዱን በሚመለከት፥ ክሎርሄክሲዲን ሐኪም ባዘዘው ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ ለአንድና ለሁለት ሳምንት፥ ጠዋትና ማታ የሚወሰድ ነው። በክዳኑ ተለክቶ ለግማሽ ደቂቃ ወይም ለአንድ ደቂቃ አፍ ውስጥ ይንገላታል፤ ከዚያም ይተፋል፤ አይዋጥም። ከጥርስ ሳሙና ጋር ስለማይስማማ በመካከሉ 30 ደቂቃ ያህል መቆየት ይሻላል። የምግብ ጣዕም ቢለወጥበት ማንም አይደንግጥ፤ መድኃኒቱን ሲተው ይመለሳል። ሰውነቱን ሽፍ ያለው ወይም ከንፈሩ ያበጠ ግን ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም ይሂድ። አንዱን ጠርሙስ አራት ሰዎች አፍ እየገጠሙ መጠቀም በመኝታ ክፍሎቻችን የተለመደ ሆኗል፤ ወንድማማችነቱን በሌላ ነገር ብናሳይ ደስ ይለናል።

ዴቶልና ሳቭሎን፥ ይልቁንም በረኪና፥ ወደ አፍ የሚገቡ አይደሉም። «ተሐዋስያን ገዳይ» የሚለው ቃል በሁሉም ላይ ስለተጻፈ አንድ የሚመስሏቸው አሉ። የታመመ ጥርስ ላይ አረቄ መያዝም ሥጋውን ያቃጥላል እንጂ ሥሩ ውስጥ ያለውን መግል አይነካውም። ገንዘብ ያነሰው ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ ቢጉመጠመጥ ለቆሰለ አፍ ይረዳዋል። ጥርስ የተነቀለ ግን በመጀመሪያው ቀን በምንም አይጉመጥመጥ፤ የረጋው ደም ከጉድጓዱ ይወጣበታል።

በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ ደግሞ ታናናሾቻችንን እናስብ። ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መትፋት አጥብቀው ስለማያውቁ መጉመጥመጫ አይሰጣቸው። በጠርሙሱ ላይ ፍሎራይድ የሚል ከተጻፈ፥ ከውሃው የጠጡት በዝቶባቸው ሳለ ሌላ መጨመር ይሆናል። በመንደሩ ሁለት ዓይነት ውሃ ካለ፥ ፍሎራይዱ አነስተኛ መሆኑ የተመረመረው ለሕፃናቱ መጠጥና ወጥ ይቀመጥላቸው። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋውም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ያወፍረዋል እንጂ።

የመጨረሻው ነገር ለፈተና ሰሞን ነው፤ በዚያን ጊዜ «ፈተናው ይለፍና» እያሉ ሕመምን ማሳደር የታወቀ ነውና። ጉንጩ ወይም ከአገጩ በታች ያበጠ፥ ትኩሳት ያለው፥ አፉን መክፈትና ምራቁን መዋጥ ያቃተው ጓደኛ ያያችሁ እንደሆነ ጠርሙስ አታቀብሉት። እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ ሊዘጋ ስለሚችል፥ ሌሊትም ቢሆን በባጃጅ ይዛችሁት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።