«ሥራዎ ምንድን ነው?»



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጪ ስለምትወጂው ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ቃለ መጠይቅ ልናገር አልኩ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዲዩቲ በሌለኝ ምሽት የሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን «የጨዋታ እንግዳ» በስልኬ አዳምጣለሁ። መዓዛ ብሩ ሙዚቀኛውንም ደራሲውንም ከልጅነቱ ታስጀምረዋለች። አትቸኩልም። ጨዋታው ካላለቀ ለሚቀጥለው ሳምንት ያድራል። እኛ «ሂስትሪ መውሰድ» የምንለውን ታውቁታላችሁ፤ ወረፋው በር ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደምንወስድም ታውቃላችሁ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ ማንኩሳን ታልፋላችሁ፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ። ከዚያ ወዲያ ካለ ገጠር ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ትልቅ እንቅርት ይዘው መጡ። ካርዱ ላይ «ሥራ» በሚለው ቦታ «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ። አልጠየቅኋቸውም። እንቅርቱ የአየር ቧንቧቸውን ገፍቶት ስለነበር ለቀዶ ጥገና ላክኋቸው።

ተመልሰው ሲመጡ ቁስሉ ድኗል፣ ካልሲየማቸው ደህና ነው፣ የድምፅ አውታራቸውም ይንቀሳቀሳል። «ድምፅዎ ደህና ነው እኮ» አልኳቸው።

«ድምፄማ ያወራል ልጄ፤ ማውረድ ነው ያቃተው» አሉኝ።

ለካ ሙሾ አውራጅ ኖረዋል! ለቅሶ ሲሆን ከሩቅ ቀበሌ ሰው ይላክባቸዋል።

የላይኛው የማንቁርት ነርቭ የውጪ ቅርንጫፍ ትዝ አላችሁ? ወደ እንቅርቱ አናት የሚገባውን የደም ሥር ተጠግታ የምታልፈው፤ ስትነካ ሰው እንደልቡ ያወራል፣ ከፍ ያለው ድምፅ ግን አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1935 እንቅርቷን የተሠራችው ጣሊያናዊት የኦፔራ ዘፋኝ አሜሊታ ጋሊ ኩርቺ ድምፅዋን ያጣችው በዚህ ነው ሲባል ኖሯል። በኋላ የመረመሩት ተጠራጥረዋል፤ ነርቩ ግን በስሟ ሲጠራ ቀረ። እኔ ይህንን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ።

እንቅርቱ መውጣቱ አይቀርም ነበር። ብጠይቃቸውም ነርቩ ላይተርፍ ይችል ነበር፤ ራሴን ያለ ልክ አልከስም። ግን ሪፈሩ ላይ አንድ ቃል ብጨምር ሰርጀኑ ያውቅ ነበር። እሳቸውም ምን ሊያጡ እንደሚችሉ አውቀው ይፈርሙ ነበር።

በቀጣዩ ቀጠሮ ወረፋ መጨረሻ ላይ አስቀምጬ እንደ መዓዛ ልጠይቃቸው ሞከርኩ። ማን አስተማረዎ? አክስታቸው። ግጥሙ ከየት ይመጣል? አሁን የሚሉትን ስሙኝ፦ ሙሾ ከማውረዳቸው በፊት ጓዳ ገብተው ሴቶቹን ይጠይቃሉ። ሟቹ ማንን ይወድ ነበር? በሬዎቹን ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር? ከማን ጋር ሳይታረቅ ሞተ? «ሳይጠይቁ የሚያወርዱ አሉ፤ ሰው አያለቅስላቸውም» አሉኝ። ከእኔ የተሻለ ሂስትሪ ይወስዳሉ ማለት ነው።

ዛሬ ድምፁን የምታወጣው የወንድማቸው ልጅ ናት። እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው ስንኙን በጆሮዋ ይነግሯታል።

እዚህ አዳራሽ እንቅርት የምትሠሩ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ከሻይ በኋላ እፈልጋችኋለሁ። ያንን ነርቭ እንዴት እንደምትፈልጉት ንገሩኝ፤ ሪፈር ወረቀቴ ላይ ምን ብጽፍ እንደሚጠቅማችሁም ጭምር።