ቅጣቱ ዋጋ ሲሆን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን ሒሳብ ቀደም ብለን አቅርበናል። አሁን ከዚያ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ አንሥተን እንነጋገር፤ «ከቅጣት የተገኘ ገቢ» የሚለውን። እንደምታስታውሱት፣ በየሳምንቱ ስብሰባ የሚያረፍደው ሰው ሲበዛብን ቅጣቱን ከ5 ብር ወደ 20 ብር ከፍ አደረግን። ገቢው ጨመረ። ሒሳቡን የምንይዘው እኛም ደስ ብሎን እንደ መልካም ውጤት ጻፍነው። የስም መቆጣጠሪያውን ስንገልጥ ግን የሚያረፍደው ሰው ጭራሽ በዝቷል። ድሮ አርፍዳ የገባች እኅት አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። ዛሬ «ይኸው ቅጣቴ» ብላ 20 ብሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትቀመጣለች።

ይህ በእኛ አልተጀመረም። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በእስራኤል፣ በሃይፋ ከተማ፣ 10 የሕፃናት መዋያዎችን ለ20 ሳምንታት ተከታትለው ነበር፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ልጃቸውን ለመውሰድ ያረፈዱትን ወላጆች ቆጠሩ። ከዚያ በ6ቱ መዋያዎች ከ10 ደቂቃ በላይ የዘገየ ወላጅ 10 ሰቅል እንዲቀጣ ተደረገ። የሚዘገዩት ወላጆች ቀስ በቀስ ወደ እጥፍ ገደማ ደረሱ። በ17ኛው ሳምንት ቅጣቱ ቢነሣም፣ መዘግየቱ ወደ ድሮው አልተመለሰም።

ምክንያቱ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቅጣቱ ከመምጣቱ በፊት ወላጁ የሚያስበው ቆማ የምትጠብቀውን ሞግዚት ነበር። ቅጣቱ ሲመጣ ግን መዘግየት ዋጋ ተቆረጠለት፤ ዋጋውን የከፈለ ሰው ደግሞ ዕዳ አለብኝ አይልም። አንዴ ከሄደ ይሉኝታን በደንብ መልሶ ማምጣት ከባድ ነው።

ታዲያ ሰው ደንብ የሚያከብረው በምንድን ነው? ቶም ታይለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 በቺካጎ ከተማ 1,575 ነዋሪዎችን ስለ ፖሊስና ስለ ፍርድ ቤት ጠየቀ፤ ከዓመት በኋላ ከእነዚሁ ውስጥ 804ቱን ደግሞ ጠየቀ። ሰዎቹ ሕግን እንዲያከብሩ ያደረጋቸው በዋናነት የቅጣት ፍርሃት አልነበረም። ሕጉን የሚያስከብረው አካል ትክክለኛ ነው ብለው ማመናቸው ነበር። ያንን እምነት የሚሰጣቸው ደግሞ ያገኙት ውሳኔ ብቻ አልነበረም። ቃላቸው ተሰምቷል ወይ? ሁሉም በእኩል ዓይን ታይቷል ወይ? በአክብሮት ተስተናግደዋል ወይ? ውሳኔው የማይጥማቸው እንኳ ቢሆን እነዚህን ይመዝኑ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አንዲት እኅታችን በዚህ ዓመት ቁጠባዋን አውጥታ ወጥታለች። ልጇ ታሞባት ሁለት ሳምንት ቀርታ ስትመጣ፣ እኛ ቀና ብለን ሳናያት ቅጣቷን መዝግበን ደረሰኝ ቆረጥንላት። ዝም ብላ ከፈለች። ከወጣች በኋላ ቤቷ ሄደን ቡና እያፈላችልን «ብሩ አይደለም ያስከፋኝ። ለምን ቀረሽ የሚለኝ ሰው ማጣቴ ነው» አለችን። መልስ አልነበረንም።

ሌላም የምንናዘዘው አለ። ያን ቀን ወደ ቢሮ ተመልሰን የዓመቱን መዝገብ ከዳር እስከ ዳር አየነው። በቅጣቱ ዓምድ ላይ የአመራር ኮሚቴ አባል ስም አንድም የለም። ኮሚቴው አርፍዶ ስለማያውቅ እንዳይመስላችሁ፤ መዝገቡን የምንይዘው እኛው ስለሆንን ነው። አባላት ይህን ሳያዩ የቀሩ አይመስለንም፤ ያልተናገሩት በይሉኝታ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ማንም ሰው ምክንያቱን ሳይጠየቅ ቅጣት አይመዝገብበት። ታሞ ወይም አስታሞ የቀረ ሰው ቤቱ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ መዝገቡን በየወሩ ከኮሚቴው ውጪ የሆነች አባል በተራ ትያዝ፤ የእኛም ስም እንደ ሌላው ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ብድር የተከለከለች እኅት ምክንያቱ በግልጽ ይነገራት፤ ቅር ካላትም ለጉባኤው የማቅረብ መብት ይኑራት።

ለለጋሾቻችንም አንድ ቃል አለን። በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት የቅጣቱ ገቢ ቢያንስ አትደንግጡ፤ ያኔ ስንት ሰው በሰዓቱ እንደመጣና ስንት ሰው እንደወጣብን ጠይቁን። የማኅበራችን ጥንካሬ የሚታየው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ያቺን እኅታችንን እንድትመለስ ለምነናታል፤ ገና እሺ አላለችም። ድምፅ ስትሰጡ እሷን አስቧት።