ሥራ የፈታን ዕቃ ስለ ማንሳት፦ ከአንድ አሮጌ ስፖርት መኪና የተማርኩት



 ርእሱን ያነበበ ሰው «የማይሠራ ማቀዝቀዣ ከመኪና ላይ መፍታት ምን ንግግር ያሻዋል?» ሊል ይችላል። እኔ ግን ይህን ሥራ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ፤ አንዴ ባለማወቅ፣ አንዴ በማወቅ። ዛሬ የማወራችሁ በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው።

በመጀመሪያ ስለ መኪናው ጥቂት ልበል። ፖርሽ 911 ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ነው። ሞተሩ ከኋላ ይቀመጣል፤ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስም የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነበር። የካቢን ማቀዝቀዣ በዚህ አካል ውስጥ በኋላ የገባ እንግዳ ነው። እኔ ባለኝ የ1984 ሞዴል ካሬራ ላይ ኮምፕሬሰሩ ከሞተሩ ጋር ከኋላ ተቀምጧል፤ ኢቫፖሬተሩ ግን ከፊት ነው። አንዱ ኮንደንሰር በሞተሩ ኮፈን ሥር፣ ሌላው በመኪናው አፍንጫ በኩል ተሰቅሏል። እነዚህን የሚያገናኙ የጎማ ቱቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግተዋል። ጎማው ሲያረጅ ጋዙ በግድግዳው በኩል ቀስ በቀስ ያመልጣል። ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች ማቀዝቀዣውን ይተዉታል፤ ዕቃው ግን ሸክም ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያውን ሥራ የሠራሁት እ.ኤ.አ. በ1986፣ በአንድ ጋራዥ ተቀጥሬ ሳለሁ ነው። «አይሠራም፤ አውርደው» ተባልኩ። ቁልፍ አንሥቼ የቱቦውን ማያያዣ ፈታሁ። እየተንሿሿ ነጭ ጭጋግ ወጣ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ጸጥ አለ። ማንም ምንም አላለም። እኔም በፍጥነቴ ተመሰገንኩ።

የተበላሸው የኮምፕሬሰሩ ክላች ብቻ ነበር፤ ጋዙ በውስጡ ነበረ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ይኸው ነው፦ አይሠራም ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም።

ጋዙ አር-12 ይባላል። እያንዳንዱ ሞለኪውል ሁለት የክሎሪን አተሞች ይሸከማል፤ በከባቢ አየር ውስጥም መቶ ዓመት ያህል ይቆያል። ወደ ላይኛው አየር ሲደርስ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይሰብረዋል፤ ነጻ የወጣው ክሎሪንም ኦዞንን ያፈርሳል። ይህን ሞሊና እና ሮውላንድ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። የሞንትሪያል ስምምነት በ1987 ተፈረመ፤ ይህን ጋዝ ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅ በአሜሪካ በሕግ የተከለከለው በ1992 ነው። እኔ ቁልፉን ባነሣሁበት ዓመት ሕጉ ገና አልወጣም ነበር፤ ሳይንሱ ግን ከታተመ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ያን ቀን የለቀቅኩት ጋዝ አብዛኛው ዛሬም በላያችን አለ፤ ከእኔም በኋላ ይቆያል።

ሁለተኛውን ሥራ በራሴ መኪና ላይ ስሠራ አካሄዴ ሌላ ነበር። በቅድሚያ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጋዙን በመሣሪያ ስቦ በሲሊንደር ሰበሰበው። ጌጁ ባዶ መሆኑን ካሳየ በኋላ ቺንጋውን አላላሁ፣ ኮምፕሬሰሩን አወረድኩ፣ ከዚያም ኮንደንሰሮቹንና ቱቦዎቹን በየተራ አነሣሁ። የተከፈተውን ጫፍ ሁሉ ወዲያው ደፈንኩ፤ እርጥበት ከገባ ዕቃውን ሊጎዳው ይችላልና።

ተማሪዎች በጥሞና እንድትሰሙኝ የምፈልገው ቀጥሎ ያለውን ነው። ቱቦዎቹ በሞተሩ ዙሪያ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ያልፉባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ክፍት መቅረት የለባቸውም። ያ ቆርቆሮ ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው ሙቀት የሚለይ ድንበር ነው። ቀዳዳው ካልተዘጋ ማራገቢያው ትኩስ አየር ይስባል፤ ሞተሩን ልናቀል ስንነሣ እናግለዋለን። አንድን ዕቃ ማንሳት እርሱ የያዘውን ቦታ ኃላፊነት መረከብ ነው።

ከመኪናው አካል አንዳችም አልቆረጥኩም። ቡሎኑና ዳዶው ሳይቀር በየከረጢቱ ተቀምጦ ስም ተጽፎበታል፤ ፎቶግራፍም ተነሥቷል። የአሮጌ መኪና ባለቤት በእውነቱ ባለአደራ ነው። ከእኔ በኋላ የሚረከበው ሰው ማቀዝቀዣውን መመለስ ቢሻ መንገዱን ልዘጋበት አይገባም።

የፈታሁት ቡሎን ተመልሶ ይታሰራል፤ የለቀቅኩት ጋዝ ግን አይመለስም። እናንተም ነገ አሮጌ ፍሪጅ ወይም መኪና ፊት ቆማችሁ «አይሠራም፤ አውርዱት» ስትባሉ፣ ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት «በውስጡ ምን አለ? ከወጣስ ይመለሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔን በዚያን ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።