ዓመት በዓል በሰው አገር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ ቀን ለማክበር በአንድነት ተሰብስበን ስንደሰት፥ በመካከላችን ሊገኙ ያልቻሉትንም ማሰብ የተገባ መሆኑን አምነን፥ ዓመት በዓልን ከአገርና ከዘመድ ርቀው ስለሚያሳልፉ ወገኖቻችን ጥቂት ቃል ለመናገር ተነሥተናል። ወንድም ወይም እኅት፥ አክስት ወይም ጎረቤት በውጭ አገር የሌለው ሰው ከመካከላችን ቢፈለግ ብዙ አይገኝምና፥ ነገሩ ከቤታችን የራቀ አይደለም።

በአገር ቤት ዓመት በዓል ማንም ሳይጠራው ይመጣል። ልጅ የቀን መቁጠሪያ ባያይ እንኳ፥ በየመንገዱ የሚጎተተው በግ፥ በየጓሮው የሚቁላላው ሽንኩርት፥ በየደጁ የሚሸጠው ቄጠማ ነገ ምን ቀን እንደ ሆነ ይነግሩታል። ኢድ ሲሆንም ጎዳናው ነጭ በለበሰ ሕዝብ ይሞላል፤ የተክቢራው ድምፅ ክርስቲያኑን ጎረቤት ጭምር ይቀሰቅሰዋል። እንግዲህ በዓሉን የሚያከብርልን መንደሩ በሙሉ ነው፤ እኛ የምንጨምርበት ጥቂት ነው። በሰው አገር ግን በዓል የሚመጣው አስቦ የሚቀበለው ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ለምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ዋሽንግተንን እንመልከት። በዚያ አገር ገና የሚከበረው በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ስለ ሆነ፥ የእኛ ልደት ሲደርስ የከተማው በዓል አልፎ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመልሷል። የሰዓቱም ልዩነት በዚያ ወራት 8 ሰዓት ነው። በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ ጾሙን ሲገድፍ፥ በዋሽንግተን የዋዜማው ምሽት 1 ሰዓት ነው። በማግሥቱም በዚያ ያለው ወንድማችን ለሥራ ሲነሣ፥ በእኛ ዘንድ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ሆኖ እንግዳው መሸኘት ጀምሯል። ስለ ምግቡ ብዙ የሚያሳስብ የለም፤ ጤፍ ዛሬ በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት ይዘራል፥ በርበሬውም በሻንጣ ይደርሳል፥ ተሰብስበው ቅርጫ የሚገቡም አሉ። የሚጎድለው ሳይጠራ በሩን ከፍቶ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጎረቤት ነው።

ምናልባት «በዓሉ በሚከበርበት አገር የሚኖረውስ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። በዐረብ አገር በቤት ሠራተኛነት የምትኖር ሙስሊም እኅታችን፥ ኢድ አል ፈጥር በደረሰ ጊዜ ከተማው ሁሉ ደምቆ ታየዋለች። ይሁን እንጂ ያ ቀን ለአሠሪዎቿ እንግዳ የሚበዛበት ነውና፥ ለእርሷ ሥራ የሚበዛበት ይሆናል። በዓሉ የእርሷም ነው፤ ማዕዱ ግን የእርሷ አይደለም። በሳዑዲ ዐረቢያ ያለችው ክርስቲያን እኅታችን ደግሞ፥ በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ፥ ጸሎቷን በክፍሏ አድርሳ 55 ቀን የጾመችውን ጾም ብቻዋን ትገድፋለች።

ከዚህ የምንረዳው፥ የበዓል ቀን ናፍቆት የምግብ ወይም የጌጥ እጦት ሳይሆን የሰው እጦት መሆኑን ነው። አባቶቻችን «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ሰው ከተሰበሰበ በዓል አገር አቋርጦ ይኖራል። ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በጎንደር ሳሉ፥ ከማስተሰርያ ቀን በ50ኛው ቀን ወደ ተራራ ወጥተው፥ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ስግድን ያከብሩ ነበር። ወደ እስራኤል ከገቡም በኋላ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም መሰብሰቡን አልተዉም። የአገሪቱም ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድ ብሔራዊ በዓል እንዲሆን በሕግ ደነገገ።

እንግዲህ ከእኛ ከተማሪዎች ምን ይፈለጋል? ሦስት ነገር ይፈለጋል እንላለን።

አንደኛ፥ በበዓል ቀን ከውጭ አገር ስልክ ሲደወል፥ ከሰላምታው ቀጥሎ የገንዘብ ጥያቄ አይነሣ። የሚላከው ገንዘብ ጎጆ ያቆማል፥ ደብተርም ይገዛል፤ የላከው ግን ሰው እንጂ ባንክ አይደለም። ሒሳቡ ለሌላ ቀን ይቆይና፥ በዚያን ቀን ቤት ማን እንደ መጣ፥ ዶሮውን ማን እንደ ሠራ፥ ሕፃኑ ስንት ጥርስ እንዳበቀለ ይነገረው።

ሁለተኛ፥ ልጆቻቸው ሁሉ ባሕር ተሻግረው ብቻቸውን የቀሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየሰፈራችን አሉ። እነርሱ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው በዓሉን እንደ ስደተኛ ያሳልፋሉ። ከመካከላችን ሁለት ሦስት ሆኖ ሄዶ ቡናቸውን የሚጠጣ፥ ስልኩን ከፍቶ የልጃቸውን ፊት የሚያሳያቸው አይታጣ።

ሦስተኛ፥ የሰው አገር ሰው በእኛም ዘንድ አለ። በሙስሊሞች ታሪክ እንደሚነገረው፥ እ.ኤ.አ. በ615 የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው በመጡ ጊዜ፥ የአክሱም ንጉሥ ነጃሺ ተቀብሎ አስጠለላቸው፤ ከእነርሱም እስከ 628 ድረስ የቆዩ ነበሩ። ዛሬም ከደቡብ ሱዳን፥ ከኤርትራና ከሶማሊያ የመጡ ስደተኞች በአገራችን ይኖራሉ። በትምህርት ቤት አጠገባችን የሚቀመጥ እንዲህ ያለ ጓደኛ ቢኖር፥ በዓሉ መቼ እንደ ሆነ እንጠይቀው፤ በዚያም ቀን እንኳን አደረሰህ እንበለው፤ በእኛም በዓል ከማዕዳችን እናስቀምጠው። በሰው አገር ላለው ወንድማችን የምንመኝለትን ለዚህኛው ማድረግ በእጃችን ነው።

ከእኛም መካከል ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ አገር የሚለቅ አይጠፋም። የሚሄደው ቀኑን እንዳይረሳ፥ በዚያም ብቻውን የሆነ ወገኑን ፈልጎ እንዲያከብር አደራ እንላለን። የምንቀረውም በማዕዳችን ላይ የሄደውን በስሙ እንጥራው።

በቅርብም በሩቅም ላሉት ሁሉ እንኳን አብሮ አደረሰን እንላለን።